ፕሮፖዛሉን ከባዶው ሠንጠረዥ ጀምሩት

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለመስክ ትምህርት ወደ ቀበሌ ሳይሄድ የተመረቀ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲቋቋም ሁለት ተቋማትን አዋህዶ ነው፤ በ1952 የተከፈተውን የእርሻ ትምህርት ቤትና በ1983 የተመሠረተውን የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት። ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ከጤናው ወገን የመጣ ውርስ ነው። ዛሬ የምህንድስናውም የግብርናውም ተማሪ በሲቢቲፒ (ማኅበረሰብ አቀፍ የሥልጠና ፕሮግራም) ወደ ቀበሌ ይወጣል፤ የጤና ተመራቂዎች በቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም) ከየሙያው ተሰባጥረው ጤና ጣቢያ ይመደባሉ፤ መጨረሻ ላይ የመመረቂያ ጥናት አለ። ትልቅ ዕድል ነው፤ ብዙ አገር ያለ ተማሪ ከክፍል ሳይወጣ የሚጨርሰውን ትምህርት እዚህ ሰው ቤትና ማሳ ውስጥ እናስተምራለን።

ዕድሉ የሚባክነው ግን ንድፍ፣ የምርምር ዘዴና የመስክ ሥራ ሦስት የተለያዩ ኮርሶች ሆነው ሲሰጡ ነው። ተማሪው አንዱን ፈተና አልፎ ይረሳዋል፣ ሌላውን ይጀምራል። ፕሮፖዛል ጻፍ ሲባል ከመግቢያው ይነሳል፤ ስለ ዓለም የቡና ምርት ስምንት ገጽ ይጽፋል፤ ዓላማዎቹን በችኮላ ይደረድራል፤ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ አማካሪው ቢሮ መጥቶ «በምን ልተንትነው?» ይላል። ያኔ መልስ የለም። ትንተናው የሚወሰነው ሙከራው ከመጀመሩ፣ መጠይቁ ከመታተሙ በፊት ነው።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ በመጨረሻው ሪፖርት ላይ የሚወጣውን ሠንጠረዥ ቁጥሩን ባዶ አድርጋችሁ መጀመሪያ ሳሉት። መግቢያው ይቆይ። ነገሩን በአንድ ምሳሌ ልሂድበት፤ በጎማ፣ በማና ወይም በሊሙ ኮሳ ወረዳ ላለ ቡና አምራች የማድረቂያ አልጋ (ቡናው ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሰጣበት ባለ ወንፊት ሽቦ መደብ) ነድፎ የመሞከር ሥራ። ከግብርናም ከምህንድስናም ለሚመጣ ቡድን የሚሆን ርዕስ ነው።

ባዶው ሠንጠረዥ እንዲህ ይሆናል። በረድፎቹ የምታወዳድሯቸው ነገሮች ይቀመጣሉ፤ እሸቱ (ከዛፍ የተለቀመው ትኩስ ቀይ ፍሬ) በአልጋው ላይ የሚሰጣበት ውፍረት 2፣ 4 እና 6 ሴንቲ ሜትር፣ እያንዳንዱም ማታ ማታ ተሸፍኖና ሳይሸፈን። በአምዶቹ የምትለኩት ይሰፍራል፤ ለመድረቅ የፈጀው ቀን፣ የመጨረሻው እርጥበት፣ የሻገተ ፍሬ በመቶኛ። አሁን እያንዳንዱን አምድ አራት ጥያቄ ጠይቁት። ማን ይለካዋል? በምን መሣሪያ? መቼ መቼ? በምን መለኪያ? መልስ ያጣ አምድ ይሰረዛል። ተማሪ ሁሉ የሚወደው «ጥራት» የሚለው አምድ ብዙ ጊዜ እዚህ ይወድቃል፤ የሰለጠኑ ቀማሾች ካሉበት ላቦራቶሪ ጋር አስቀድሞ ካልተስማማችሁ ጥራትን አልለካችሁም፣ የለካችሁት እርጥበትና ሻጋታ ነው። ይህን በርዕሱም ላይ በሐቀኝነት ጻፉት።

ባዶው ሠንጠረዥ የጊዜ ሰሌዳውንም ያጋልጣል። በጅማ ዙሪያ ቀይ እሸት በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር የተጀመረ ፕሮፖዛል አማካሪ አይቶት፣ ታርሞ፣ በኮሚቴ ጸድቆ እስኪመለስ ቡናው ከዛፍ ወርዶ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሙከራው ይቀርና «የአርሶ አደሮች ግንዛቤ» በሚል መጠይቅ ይተካል። የማድረቅ ሙከራ የሚሠራ ቡድን ፕሮፖዛሉን ካለፈው ዓመት ሰኔ በፊት ማስጸደቅ፣ እንጨቱንና ወንፊት ሽቦውን በመስከረም ማቅረብ አለበት። የትምህርት ክፍሎችም የርዕስ ምርጫውን ከመመረቂያው ዓመት በፊት ወዳለው ሁለተኛ ሴሚስተር ቢስቡት ብዙ ሥራ ይተርፋል።

ወደ ሙከራው ንድፍ እንግባ፤ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ነው። ሦስት ውፍረት በሁለት የአሸፋፈን ዓይነት ሲባዛ ስድስት ትሪትመንት (የምናወዳድረው የአሠራር ዓይነት) ይሆናል። እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ከተደገመ 18 ቁራሽ ቦታ ያስፈልጋል። ሦስት አልጋ ሥሩ፤ እያንዳንዱ አልጋ አንድ ብሎክ (ተመሳሳይ ሁኔታ ያላቸው ቁራሾች ምድብ) ይሁን፣ ስድስቱንም ትሪትመንት ይያዝ። አንዱ አልጋ ለጥላ ዛፍ ቢቀርብና ሌላው ገላጣ ላይ ቢውል ልዩነቱ በብሎክ ይያዛል። ዕጣው ለየአልጋው ለብቻው ይውጣ፤ አንዴ የወጣውን ቅደም ተከተል በሦስቱም መድገም ዕጣ ማውጣት አይባልም። በዚህ ንድፍ ከ17ቱ የነጻነት ዲግሪ (ከቁራሾቹ ብዛት አንድ ሲቀነስ ለንጽጽር የሚቀረው) 2ቱ ለብሎክ፣ 5ቱ ለትሪትመንት ሄደው 10 ለስህተት፣ ማለትም በአጋጣሚ የሚመጣውን ልዩነት ለመለካት፣ ይቀራል። ድግግሞሹን ወደ ሁለት ብትቀንሱ የሚቀራችሁ 5 ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ልዩነት ቢኖርም ማየት ይከብዳችኋል።

በሪፖርቶች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ጉድለት ሐሰተኛ ድግግሞሽ ነው። አንድ አልጋ በ2 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ አልጋ በ4፣ አንድ አልጋ በ6 ይሰጣል፤ ከዚያ ከየአልጋው ሦስት ሦስት ናሙና ተወስዶ «ሦስት ድግግሞሽ» ተብሎ ይጻፋል። ድግግሞሹ አንድ ነው። ከአንድ አልጋ ሠላሳ ናሙና ብታነሱም ያወቃችሁት ያንን አልጋ ብቻ ነው፤ ውጤቱ ከውፍረቱ ይሁን አልጋው ከቆመበት ቦታ መለየት አይቻልም። ሁለተኛው ጉድለት ረቂቅ ነው። ሸራው ትልቅ ስለሆነ የአልጋውን ግማሽ ባንድ ላይ መሸፈን ይቀላል። እንዲህ ካደረጋችሁ ግን መሸፈን አለመሸፈኑ በግማሽ አልጋ ደረጃ ነው የተመደበው፤ ንድፉ ስፕሊት ፕሎት (አንዱ ነገር በትልቅ ቁራሽ፣ ሌላው በውስጡ ባሉ ትንንሾች የሚመደብበት) ሆኗል፣ ለሽፋኑ የሚቀረው የስህተት የነጻነት ዲግሪም 2 ብቻ ነው። ወይ ለየቁራሹ የየራሱን ሽፋን ቁረጡ፣ ወይ ትንተናውን በስፕሊት ፕሎት ሥሩት።

አሁን አልጋው። ለሙከራ 1 ሜትር ወርድና 6 ሜትር ተኩል ርዝመት ይበቃል፤ ስድስት ቁራሽ ባለ 1 ካሬ ሜትር ይወጣዋል፣ በመካከላቸውም 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተርፋል። ከፍታው 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ ግን ቁጥሩን ከወረቀት ከመገልበጣችሁ በፊት ቡናውን ቀኑን ሙሉ የምታገላብጠውን ሴት አቁማችሁ ክርኗ ምን ያህል እንደሚደርስ ለኩ። ከክርን በላይ ከሆነ ትከሻ ይደክማል፣ በጣም ከወረደ ወገብ ይታመማል፤ የደከመ ሰው ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ መገልበጥ ያለበትን ሁለት ጊዜ ያገላብጣል፣ ሻጋታው ከዚያ ይመጣል። ቋሚዎቹ የባሕር ዛፍ እንጨት ቢሆኑ በየሜትር ተኩሉ ይተከሉ። ምስጥ ለመከላከል የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡ፤ ቡና ሽታ ይስባል። የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት ማክሰል ይሻላል።

ከወንፊት ሽቦው ሥር በየ50 ሴንቲ ሜትሩ አግዳሚ ይግባ። ይህን የምለው ለውበት አይደለም። አግዳሚ ያጣ ሽቦ በእሸቱ ክብደት መሐሉ ይረግባል፤ 2 ሴንቲ ሜትር ብላችሁ ያሰጣችሁት ቡና በአንድ ቀን ውስጥ ወደ መሐል ተንከባሎ 4 ይሆናል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ነጠላ ፍሬ ይቀራል። ትሪትመንታችሁ በአናጢነት ጉድለት ጠፋ ማለት ነው። ንድፍና ምርምር ለየብቻ መማር የማይሆንበትን ምክንያት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ሽፋኑ ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ። ላስቲክ በቀጥታ በእሸቱ ላይ ከተነጠፈ ከቡናው የሚወጣው እንፋሎት ላስቲኩ ላይ ውኃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። በቀርከሃ ቅስት ከቡናው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ጎኑን ለነፋስ ክፍት ትታችሁ ዘርጉት። አለበለዚያ «መሸፈን ሻጋታ ያበዛል» የሚል ውጤት ታገኛላችሁ፤ የለካችሁት ግን መጥፎ አሸፋፈንን ነው።

የቡናው መጠን ምን ያህል ነው? የእሸት ቡና የአንድ ሜትር ኩብ ክብደት ወደ 600 ኪሎ ቢወሰድ፣ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 2 ሴንቲ ሜትር 12 ኪሎ፣ 4 ሴንቲ ሜትር 24፣ 6 ሴንቲ ሜትር 36 ኪሎ ይሆናል። ለአንድ አልጋ 144 ኪሎ፣ ለሦስቱ 432 ኪሎ፤ ከ25 ፈረሱላ በላይ። 600 የምትለዋን ቁጥር ግን በራሳችሁ ባልዲ አረጋግጡ፤ መጠኑ የታወቀ ባልዲ ሞልታችሁ መመዝን ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ውፍረቱን በማስመሪያ ከመለካት ይልቅ በክብደት መወሰን የበለጠ ትክክል ነው። እሸቱ በአንድ ቀን የተለቀመ፣ አረንጓዴውና የደረቀው የተለየ፣ በደንብ ተደባልቆ ለ18ቱ የተከፈለ መሆን አለበት። ይህ ሳይቻል ቀርቶ አልጋ አንድ በሰኞ ለቀማ፣ አልጋ ሁለት በረቡዕ ለቀማ ከሆነ ይህም በደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ብሎኩ ያንን ልዩነት ይሸከማል።

እርጥበቱን በየቀኑ ለመከታተል ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሚዛንና ሒሳብ ይበቃል። በየቁራሹ መሐል ሥሩ ወንፊት የሆነ ትሪ ውስጥ 2,000 ግራም እሸት በዚያው ውፍረት አስቀምጡ። ሥሩ ድፍን የሆነ ሳህን ነፋስ ስለማያሳልፍ ከአካባቢው ዘግይቶ ይደርቃል። ከዚያው እሸት ጥቂት ናሙና ለሁለት ለሁለት ከፍላችሁ በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁ። መነሻ እርጥበቱ 65 በመቶ ከወጣ በትሪው ውስጥ ያለው ደረቅ ቁስ 700 ግራም ነው፤ ይህ አይለወጥም። ቡናው ወደ 11.5 በመቶ ሲደርስ ትሪው 700 ሲካፈል ለ0.885፣ ማለትም 791 ግራም ይመዝናል። እዚያ ስትደርሱ ቀኑን ጻፉ።

የምድጃውን ሥራ ዘልለው «እሸት 60 በመቶ ውኃ ነው» ብለው ከመጽሐፍ የሚገለብጡ አሉ። ልዩነቱን ተመልከቱ። 60 በመቶ ካላችሁ ደረቅ ቁሱን 800 ግራም አድርጋችሁ፣ ትሪው 904 ግራም ሲሆን «ደርቋል» ትላላችሁ። እውነተኛው 65 ከነበረ ግን በዚያ ሰዓት ቡናው ገና 22.6 በመቶ ውኃ ይዟል። በዚህ እርጥበት ጆንያ ውስጥ የገባ ቡና ይሻግታል። በመነሻው ላይ የአምስት ነጥብ ስህተት መጨረሻ ላይ አሥራ አንድ ነጥብ ሆኖ ይመጣል።

የእጅ እርጥበት መለኪያ ካላችሁ ለመጨረሻው ማረጋገጫ ተጠቀሙበት፤ የተሠራው ለተፈለፈለ ፍሬ ስለሆነ እሸት ላይ ትርጉም የለውም። የጀንፈሉ (ደርቆ ያልተፈለፈለው ቡና) ገለባና የፍሬው እርጥበት እኩል አይደለምና የመጨረሻው ልኬት ተፈልፍሎ በፍሬው ላይ ይደገም። ከፀሐይ የተነሳ ትኩስ ፍሬም አሳስቶ ያነባል፤ ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ለሚዛኑ ማስቀመጫ ሦስት እግር ያለው በርጩማ ይሁን፤ የጅማ ጠራቢዎች እንደሚያውቁት ሦስት እግር በጎርባጣ መሬት ላይ አይንገዳገድም። ነፋሱን በካርቶን ጋርዱት። ጠዋት ጠዋት በትክክል የተለካ 1 ሊትር ውኃ መዝኑና 1 ኪሎ ማሳየቱን እዩ፤ ዕቃውን መቀነስ አትርሱ።

የሻገተ ፍሬ ሲቆጠር ከየቁራሹ 100 ፍሬ ሳይመረጥ ይነሳ፤ ቆጣሪው የትኛው ቁራሽ እንደሆነ አይወቅ። ቁራሾቹን በትሪትመንታቸው ስም ሳይሆን ከ1 እስከ 18 በቁጥር ሰይሟቸው፤ ቁልፉ አማካሪው ጋ ይቀመጥ።

ሰዓትና ቀን ብዙ ጥሩ ሥራ አበላሽተዋል። ደብተሩ 8፡30 ይላል፣ የስልኩ ፎቶ 14፡30 ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ አንዱን ወደ ኮምፒዩተር ያስገባው ልጅ ግን አላወቀም። «2፡00» የሚል ብቻውን የጠዋቱ ይሁን የማታው አይታወቅም። ኮቦ (መረጃ በስልክ የሚሰበሰብበት መተግበሪያ) ቀኑን በራሱ የሚመዘግበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ አርሶ አደሩ ኅዳር 12 ለቀምኩ ይላል። ኅዳር 12 በአብዛኛው ኖቬምበር 21 ነው፤ ጳጉሜ 6 ቀን በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን ኖቬምበር 22 ይሆናል። የመድረቂያ ቀን ለምትቆጥሩ ሰዎች አንድ ቀን ትንሽ አይደለም። በመስክ አንድ አቆጣጠር ብቻ ተጠቀሙ፣ የሚቀይረው አንድ ሰው ይሁን፣ በደብተሩ ሽፋን ላይም ይጻፍ።

ከአልጋው ሙከራ ጎን የቤት ለቤት ጥናት የሚያካሂድ ቡድን ደግሞ 384 የምትባለዋን የናሙና ብዛት ይዞ ይመጣል። ከየት እንደመጣች ብዙው አይናገርም። 1.96 በራሱ ተባዝቶ በ0.5 እና በ0.5 ሲባዛ፣ ከዚያ ለ0.05 ካሬ ሲካፈል ነው፤ የአንድን ነገር ድርሻ በ5 ነጥብ ትክክለኛነት ለመገመት ብቻ የምታገለግል። የአልጋ ሙከራ ውስጥ ቦታ የላትም። ቀበሌው 1,200 አባወራ ካለው ለትንሽ ሕዝብ በሚደረገው ማስተካከያ ወደ 291 ትወርዳለች፤ ለማይመልሱ 10 በመቶ ሲጨመርና ወደ ላይ ሲጠጋ 321። መጀመሪያ ቀበሌዎችን፣ ከዚያ ቤቶችን በዕጣ የመረጠ ደግሞ በዲዛይን ኢፌክት (የአንድ ቀበሌ ቤቶች ስለሚመሳሰሉ ናሙናውን በሚያሳድግ ቁጥር) ማባዛት አለበት፤ 1.5 ወይም 2 የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ ማንም የማያስተውለው ወጥመድ አለ። 1,200 ለ321 ሲካፈል 3.74 ይመጣል። ተማሪው «3» ብሎ በየሦስተኛው ቤት ይሄዳል፤ 321 ሲሞላለት ያቆማል። ያን ጊዜ የደረሰው 963ኛው ቤት ላይ ነው፤ ከመዝገቡ መጨረሻ ያሉት 237 ቤቶች የመመረጥ ዕድል አልነበራቸውም። መዝገቡ በጎጥ የተደረደረ ከሆነ አንድ ጎጥ ሙሉ፣ ምናልባትም ከመንገድ የራቀው፣ ከጥናቱ ወጣ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወይ ከመዝገቡ 321 ቤት በኮምፒዩተር ዕጣ አውጡ፣ ወይ 3.74ን እየደመራችሁ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ጣሉ።

መጠይቁ በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጅ፤ ለከተማው ቀበሌ አማርኛውም ያስፈልጋል። የተረጎመው ሰውና መልሶ የሚተረጉመው ሰው የተለያዩ ይሁኑ፤ ሁለተኛው ዋናውን እንዳያይ። ከዚያ ከናሙናው 5 በመቶ፣ በእኛ ምሳሌ ወደ 16 ቤት፣ ባልተመረጠ ጎረቤት ቀበሌ ይሞከር። «ቡናዎን በአልጋ ነው ወይስ በመሬት የሚያደርቁት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁለቱንም የሚያደርገው፣ ቀዩን በአልጋ ቀሪውን በመሬት የሚያሰጣው ሰው መልስ ያጣል። መጠን ስትጠይቁ ሰውየው በሚያውቀው መለኪያ ይናገር፤ በኩንታል፣ በፈረሱላ፣ በጆንያ። እናንተ ቁጥሩን በአንድ አምድ፣ መለኪያውን በሌላ፣ እሸት ይሁን ጀንፈል በሦስተኛ መዝግቡ። 100 ኪሎ እሸት ሲደርቅ 39 ኪሎ ያህል ጀንፈል ነው፣ ተፈልፍሎ ደግሞ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ሦስቱ ተደባልቀው ከገቡ አማካዩ ምንም አይናገርም። የቤቱን ባለቤት ብቻ አትጠይቁ። ቡናውን የምታገላብጠው ሚስቱ ወይም ልጁ ከሆነች እሷም ትጠየቅ፣ ለብቻዋና በአክብሮት።

የትብብር ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ነው የሚወርደው፤ ሁለት ሳምንት መድቡለት። ከ18 ዓመት በታች የሆነን ሰው ለመጠየቅ የወላጅ ፈቃድና የልጁ ስምምነት ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ለመምህራን አንድ ሐሳብ አለኝ። ከመቶው ነጥብ 20ውን ለባዶው ሠንጠረዥ ስጡ፤ መግቢያው ሳይጻፍ፣ ቡድኑ በቃል እየተከላከለ። ሌላ 20 ለመስክ ደብተሩ ይሁን። ደብተሩ በእርሳስ ይጻፍ፣ እስክሪብቶ በዝናብ ይፈሳል፤ ማታ ማታ ፎቶ ይነሳ። ለትንተናው 25፣ ለሪፖርቱ 20፣ ውጤቱን ለቀበሌው መልሶ ለማስረዳት 15። ሪፖርቱ ብቻ ነጥብ ሲይዝ ተማሪው ሪፖርት ያሳምራል፤ ደብተሩ ነጥብ ሲይዝ ጠዋት በ1 ሰዓት ሚዛኑ አጠገብ ይገኛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ተማሪ አንዱን ትሪ ሳይተያዩ ይመዝኑ፤ ልዩነቱ ከ5 ግራም ካለፈ ሥራው ቆሞ ምክንያቱ ይፈለግ።

ከሁሉ በፊት በስምምነቱ ላይ የሚሰፍር ነገር አለ። በ6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሳይሸፈን የሚያድረው ቡና ሊበላሽ እንደሚችል እያወቃችሁ ነው የምታሰጡት፤ በሦስቱ አልጋ ላይ 108 ኪሎ ነው። ያ የአንድ ቤተሰብ ገቢ ነው። 432 ኪሎውን እሸት በለቀማው ቀን ዋጋ የምትገዙበት ገንዘብ በበጀቱ ሠንጠረዥ የመጀመሪያው ረድፍ ይሁን፤ የተበላሸው የቡድኑ ኪሳራ ነው፣ በደህና የደረቀው ተሽጦ ወደ በጀቱ ይመለስ፣ አልጋዎቹም ለአርሶ አደሩ ይቅሩ። ይህ በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ፣ ተነቦለት፣ ፈርሞበት ወይም አሻራውን አኑሮበት አንዱ ቅጂ በእጁ ሳይገባ አንድም ቋሚ አይተከል።